ነጻ መንገድ፣ የሚከፈልበት ማዕድ፦ የጀርመን የእግር ጉዞና የአካባቢ ምግብ

ከቦን እስከ ቪስባደን በራይን ወንዝ ቀኝ ዳርቻ 320 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ራይንሽታይግ የተባለው የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመርቆ በ2025 ሃያ ዓመት ሞላው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መንገዱ ጥንታዊ ግንቦችን፣ ገደላማ የወይን እርሻዎችንና ዝነኛውን የሎረላይ ቋጥኝ ያያይዛል። ከእሱ ቀድሞ በ2001 ከብሪሎን እስከ ዲለንቡርግ 154 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ሮትሃርሽታይግ ተከፍቶ ነበር፤ በ2014 ደግሞ ከፐርል እስከ ኮብለንዝ 365 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሞዘልሽታይግ ተከተለ። እነዚህ መንገዶች የእግር ጉዞን ከጡረተኞች የእሑድ ልማድነት አውጥተው የቱሪዝም ዋና ዘርፍ አድርገውታል። ሐሳባቸውም ተመሳሳይ ነው፦ መንገደኛው ቀን በመልክዓ ምድሩ፣ ማታ በአካባቢው ምግብና መጠጥ ይርካ።

ሐሳቡ የሚያቆመው የሒሳብ ምሰሶ አለው። በ1975 የወጣው የፌዴራል የደን ሕግ ማንም ሰው ለመዝናናት ደን ውስጥ የመግባት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ በእግር መንገድ ላይ ቲኬት አይቆረጥም፤ ኬላም አይቆምም። ምልክት የሚቀባው፣ የወደቀ ዛፍ የሚያነሳው፣ ድልድይ የሚጠግነው ወገን ከተጓዡ በቀጥታ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከገበታና ከአልጋ ነው። በመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ማረፊያ ቤት በተዘጋች ቁጥር ለመንገዱ ጥገና የሚወጣውን የሕዝብ ገንዘብ አስፈላጊነት ለማስረዳት ይከብዳል።

ጉዳዩ ሰሞኑን የጎላውም በዚሁ በኩል ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ዝቅ ብሎ የነበረው የምግብ ቤቶች ተጨማሪ እሴት ታክስ በ2024 መባቻ ወደ 19 በመቶ ተመልሶ ነበር፤ ከ2026 መባቻ ጀምሮ ደግሞ በምግብ ላይ 7 በመቶ ሆኗል። መጠጡ በ19 በመቶው ቀርቷል። ቅናሹ ለተመጋቢው ይድረስ ወይስ ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለው ክርክር አላበቃም። ለገጠሩ ማረፊያ ቤት ግን ከታክሱ የባሰው ችግር ወራሽ ማጣት ነው። ወላጆች አርጅተው ልጆች ከተማ ቀርተዋል፤ ወጥ ቤቱን የሚይዝ ሰው አይገኝም። ሰኞና ማክሰኞ ዝግ የሆነ በር ያላጋጠመው መንገደኛ ጥቂት ነው።

የመንገዱና የማዕዱ ጋብቻ የማስታወቂያ ባለሙያዎች ፈጠራ ይመስላል እንጂ የቆየ ነው። የጀርመን የመጀመሪያው የእግር ተጓዦች ማኅበር የሚባለው ሽቫርትስቫልትፈራይን በ1864 ፍራይቡርግ ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ ባለ ማረፊያ ቤቶችና ባለ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ዓላማቸውም ሽቫርትስቫልት የተባለውን ደናማ ተራራ አስተዋውቆ እንግዳ መሳብ ነበር። ይኸው ማኅበር በ1900 ከፕፎርትስሃይም እስከ ባዝል 285 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደውን ቬስትቬግ ዘረጋ። የወይን ጠጁ ዘርፍ ደግሞ ብሮሹሮች ገረፍ አድርገው የሚያልፉት ታሪክ አለው። 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የጀርመን የወይን ጎዳና በ1935 የመረቀው የናዚው ሹም ዮሴፍ ቡርክል ነበር። ወይን ጠጁ ተትረፍርፎ ገበያ አጥቶ ነበር፤ አይሁዳውያን የወይን ነጋዴዎች ደግሞ በዚያው ዘመን ከንግዱ እየተገፉ ይወጡ ነበር። ጎዳናው ዛሬም አለ፤ ለመኪና የተሠራ ቢሆንም በአጠገቡ የእግር መንገዶች ተበራክተዋል።

በዘርፉ ውስጥ ከሁሉም የሚያከራክረው የጥራት ማኅተም ነው። ማኅተም ሰጪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በ1883 የተመሠረተው የጀርመን የእግር ተጓዦች ማኅበራት ኅብረት፣ ሌላው መቀመጫውን ማርቡርግ ያደረገው የጀርመን የእግር ጉዞ ኢንስቲትዩት። ኅብረቱ 9 ዋና እና 23 አማራጭ መስፈርቶች አሉት፤ ማኅተሙም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ከዋናዎቹ መስፈርቶች አንዱ አስፋልትና መሰል ንጣፍ ከመንገዱ ርዝመት 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የማርቡርጉ ተመራማሪ ራይነር ብሬመር በተጓዦች ላይ ያካሄዷቸው ጥናቶች ለዚህ ዓይነቱ መስፈርት መሠረት ሆነዋል፤ ተጓዡ የሚወደው ጠባብ፣ ጠመዝማዛና አፈር የሆነ መንገድ መሆኑን አሳይተዋል።

ማንም ሰው አስፋልት ላይ ለመራመድ ብሎ ተራራ አይወጣምና ክርክሩ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በጀርመን ገጠር አስፋልቱ ያለው መንደሩ ውስጥ ነው፤ ማረፊያ ቤቱም ያለው እዚያው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ። አስፋልትን የሚሸሽ መንገድ መንደሩን ይሸሻል፤ መንደሩን ሲሸሽ ደግሞ ምሳውን ይሸሻል። ብዙዎቹ ማኅተም ያላቸው ዙር መንገዶች ከደን ዳር ካለ የመኪና ማቆሚያ ተነስተው እዚያው ይመለሳሉ። ተጓዡ ከቤቱ ያመጣውን ዳቦ ቋጥኝ ላይ በልቶ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ደጋፊዎች የማረፊያ ቤት መኖርም ከአማራጭ መስፈርቶቹ አንዱ ነው ይላሉ። ለቤቶቹም የተለየ ማኅተም መኖሩን ያነሳሉ፦ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያድርን እንግዳ የማይመልስ፣ የረጠበ ልብስ ማድረቂያ ያለው፣ ስንቅ የሚቋጥር ቤት ያገኘዋል። መልሱ ግማሽ መልስ ነው። ዛፉና አፈሩ በሜትር ሲለካ ወጡ ከአማራጮች መካከል አንድ ነጥብ ሆኖ መቅረቱ ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ይናገራል። ዛርላንድ ክልል ታፈልቱረን በሚል ስም ዙር መንገዶችን ከተወሰኑ ምግብ ቤቶች ጋር ማጣመሩ ይህን ጉድለት ከሚያርሙ ሙከራዎች አንዱ ነው።

የወይን ጠጁ ዘርፍ ከሁሉም የበለጸገ ነው፤ በየሚያዝያው መጨረሻም በወይን አብቃይ አካባቢዎች ሁሉ የወይን ጠጅና የእግር ጉዞ ቅዳሜና እሑድ ይካሄዳል። ከመንገዶቹ መካከል ግን የአር ሸለቆን የሚያህል ታሪክ ያለው የለም። ከባድ ቦደንዶርፍ እስከ አልተንአር 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው የቀይ ወይን መንገድ በተዳፋቱ ወገብ ላይ የተዘረጋ ነው። በጀርመን ነጭ ወይን ሲበዛ እዚህ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሻ ሽፔትቡርጉንደር በተባለው ቀይ ወይን ተሸፍኗል። በሸለቆው ማይሾስ መንደር በ1868 የተመሠረተው የወይን አብቃዮች የኅብረት ሥራ ማኅበር እስከ ዛሬ ካሉት ሁሉ በዓለም አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል።

በሐምሌ 2021 የአር ወንዝ ሌሊት ሞልቶ በሸለቆው ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወይኑ ተዳፋት ላይ ስለነበር አብዛኛው ተረፈ፤ ከታች የነበሩት የጠጅ ጓዳዎች፣ በርሜሎችና ማሽኖች ግን በጎርፍ ተወሰዱ ወይም በጭቃ ተሞሉ። ከጭቃው የወጡት ጠርሙሶች ሳይታጠቡ፣ ደለሉ እንደ ደረቀባቸው በልገሳ መልክ ተሸጡ፤ ከዚህም ከ4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው መኸር ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ወይን አብቃዮች ለቀማውን አገዙ። መንገዱ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ዛሬ ተጓዡ በአንድ ጎኑ ወይኑን፣ በሌላው ደግሞ ከታች የጎርፉን ጠባሳና አዲሱን ግንባታ እያየ ይሄዳል። በአካባቢው ሰው ዘንድ ተጓዡ ወርዶ ምሳ መብላቱ ራሱ እንደ እርዳታ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

በሁሉም የወይን አካባቢ የሚገኘው ተቋም የአብቃዩ ጊዜያዊ መጠጥ ቤት ነው። በፕፋልስና በራይን አካባቢ ሽትራውስቪርትሻፍት፣ በቩርትምበርግ በዘን፣ በፍራንከን ሄከንቪርትሻፍት ይባላል። አብቃዩ ያለ ልዩ ፈቃድ በዓመት እስከ 4 ወር፣ ቢበዛ በሁለት ዙር፣ ከ40 በማይበልጥ መቀመጫ የራሱን ወይን ጠጅና ቀለል ያለ ምግብ መሸጥ ይችላል። ቤቱ ክፍት መሆኑን የሚያስታውቀው በደጁ የተሰቀለ የቅርንጫፍ ጉንጉን ወይም መጥረጊያ ነው፤ የጠላ ቤትን ጣሳ በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ ያየ ሰው ምልክቱን ለማንበብ አስተርጓሚ አያሻውም። ሕዝቡ ልማዱን እስከ ታላቁ ካርል ዘመን ይመዝዘዋል፤ ማስረጃው ግን የሳሳ ነው። ጓዳው፣ ጋራዡ ወይም የእንግዳ ክፍሉ ጠረጴዛ ተደርድሮበት የሽንኩርት ቂጣ፣ አይብና ቋሊማ ይቀርባል። ከታወቁት ምግብ ቤቶች ይልቅ የአካባቢው ምላስ የሚገኘው እዚህ ነው።

የሞዘል ወንዝ ችግር ሌላ ነው። ብረም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት እስከ 65 ዲግሪ የሚያዘነብል፣ በአውሮፓ እጅግ ገደላማ ከሚባሉት የወይን እርሻዎች አንዱ ነው። ትራክተር አይወጣውም፤ ሥራው በእጅና በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ትንሽ ማመላለሻ ነው። ድካሙ ከሜዳው እርሻ ብዙ እጥፍ ሆኖ ሳለ ጠጁ በዚያው ልክ አይሸጥም፤ ስለዚህ ገደሉ እየተተወ ቁጥቋጦ ይውጠዋል። ተጓዡ ሊያየው የሚመጣው ግን በትክክል ያንን በድንጋይ ካብ የተደረደረ ወይን ነው። ዕይታው ነጻ ነው፤ የሚንከባከበው ገበሬ ዋጋውን የሚያገኘው ከጠርሙስ ብቻ ነው።

በፕፋልስ ደን ውስጥ ነገሩ በተለየ መንገድ ተፈቷል። በ1902 የተመሠረተው የፕፋልስ ደን ማኅበርና ሌሎች ማኅበራት በደኑ ውስጥ ከመቶ በላይ ጎጆዎች አሏቸው፤ ብዙዎቹን የሚያስተናግዱት ቅዳሜና እሑድ ተራ የሚገቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ተጓዡ መስኮቱ ጋ ተሰልፎ ሳህኑን ይቀበልና ረጅም አግዳሚ ላይ ከማያውቀው ሰው ጎን ይቀመጣል። ወይን ጠጅ በአምቦ ውኃ ዓይነት ጋዝ ባለው ውኃ ተበርዞ፣ ግማሽ ሊትር በሚይዝና ጎድጎድ ያሉ ክብ ነጠብጣቦች ባሉበት ዱበግላስ በተባለ ብርጭቆ ይቀርባል። ነጠብጣቦቹ ቅባት የነካው እጅ እንዳያንሸራትት ናቸው። በአንድ ብርጭቆ መቀባበልም ያልተለመደ አይደለም። ከምግቡ የታወቀው የአሳማ ጨጓራ በሥጋና በድንች ተሞልቶ የሚቀቀለው ዛውማገን ነው፤ ቻንስለር ሄልሙት ኮል በ1989 ማርጋሬት ታቸርን ዳይደስሃይም ላይ የጋበዟቸው ይኸንኑ ነበር። አሳማ የማይበላም ነጭ አይብ ከዳቦ ጋር ያገኛል። ይህ የጎጆ ባህል በ2021 በጀርመን ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገቡ ግን በጎ ፈቃደኛ አያመጣም፤ ተራ ገቢዎቹ እያረጁ ነው።

ቢራው ፍራንከን ላይ ይነግሣል። 1,300 ያህል ነዋሪ ያላት አውፍዜስ አራት ጠማቂዎች አሏት፤ አራቱን የሚያዞረው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ በየቤቱ ማኅተም እያስመታ በምስክር ወረቀት ያበቃል። ከቫይሰኖሄ እስከ ቱዊስብሩን 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ፉንፍ ዛይድላ ሽታይግ ደግሞ አምስት ጠማቂዎችን ያያይዛል። በባምበርግና በፎርሽሃይም ዙሪያ ቢራ የሚጠጣው ኮረብታ ላይ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ድሮ ቢራው ቀዝቅዞ እንዲበስል ጓዳው ኮረብታው ውስጥ ይቆፈር ስለነበር መጠጫውም ከላዩ ሆነ። እንግዳው ምግቡን ከቤቱ አምጥቶ ቢራውን ብቻ ቢገዛ ቅር የሚለው የለም። በበዓል ቀን ሙዚቃ እያስጮኹ ጋሪ የሚጎትቱ የሰከሩ ቡድኖች ግን የታወቁ የቢራ መንገዶችን ጠባይ እያበላሹ ነው። የዘርፉ ሥጋት ከዚያም ይሰፋል፤ በ2025 የመጀመሪያ አጋማሽ የጀርመን የቢራ ሽያጭ ከ6 በመቶ በላይ ቀንሶ ከ4 ቢሊዮን ሊትር በታች ወርዷል።

የደቡቡ አልፕስ ብዙ ስለተጻፈለት ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1869 የተቋቋመው የጀርመን የአልፕስ ማኅበር ጎጆዎች፣ በአልጎይ የበጋ ግጦሽ ላይ የሚሠራው የተራራ አይብ፣ ከሄርሺንግ በእግር የሚደረስበት የአንደክስ ገዳም ቢራ ዋናዎቹ ናቸው። በቱሪንገን 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ሬንሽታይግ በጽሑፍ የተጠቀሰው ገና በ1330 ነው፤ በመንገዱ ከሰል ላይ የሚጠበሰው የቱሪንገን ቋሊማ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው።

ሰሜኑ ተራራ የለውም። ከሃምቡርግ ዳርቻ እስከ ሴለ 223 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው መንገድ በ2012 ሲከፈት ሃይድሽኑከ በተባለችው ባለ ቀንድ በግ ተሰየመ፤ ሐምራዊ አበባ የሚያለብሰውን ገላጣ ሜዳ ችግኝ እየጋጠች ከደን የምታድነውም፣ በመንገዱ ዳር ተጠብሳ የምትበላውም እሷው ናት። በብሬመንና በኦልደንቡርግ አካባቢ ደግሞ ጉዞው መንገድ እንኳ አይመርጥም። ውርጭ ከመታው በኋላ የሚጣፍጠው ግሩንኮል የተባለው ጎመን ሲደርስ ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች አረቄ የጫነ ጋሪ እየጎተቱ በሜዳው ይጓዛሉ፤ መጨረሻው ጎመንና ፒንከል የተባለ ቋሊማ በትልቅ ድስት የሚጠብቅበት ማረፊያ ቤት ነው። ማኅተም የለውም፤ በዛፍ ላይ የተቀባ ምልክትም የለውም። በማዕዱ መጨረሻ ከተሰበሰቡት አንዱ የጎመን ንጉሥ ተብሎ ይሰየማል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ጉዞ ማሰናዳትና ቦታ ማስያዝም የእሱ ግዴታ ይሆናል።