ደካማ ሰርቭን በስልካችሁ ካሜራ መርምሩት

ሰርቭ በቴኒስ ውስጥ የተጋጣሚያችሁ እጅ የሌለበት ብቸኛው ምት ነው። ኳሷን የምትወረውሩትም የምትመቱትም እናንተ ናችሁ። እንዲያም ሆኖ ለመዝናናት የሚጫወት ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚሁ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዋ ኳስ መረብ ላይ ትቀራለች፣ ሁለተኛዋን ፈርቶ ይገፋታል፣ ተጋጣሚው ተደላድሎ ይመልስበታል።

በሜሪላንድ ከሪቨርዴል ፓርክ አጠገብ ባለችው ኮሌጅ ፓርክ ጁኒየር ቴኒስ ቻምፒየንስ ሴንተር የሚባል ማሠልጠኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኤስ ኦፕን ራፋኤል ናዳልን ያሸነፈው ፍራንሲስ ቲያፎ ያደገው እዚያ ነው። ከሴራሊዮን የመጡት አባቱ ማዕከሉ ሲገነባ በግንባታ ሠራተኛነት ገቡ፤ ከዚያም በጥገና ሥራ ቀጠሉ። ልጃቸው በዚህ አጋጣሚ በአሠልጣኞች ዓይን ሥር አደገ። ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ በሕዝብ መናፈሻ ለሚጫወት ሰው የሚጎድለው ይህ ዓይን ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የተወሰነውን ሊተካ ይችላል።

ችግሩ ጉልበት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። መረቡ መሐል ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከኋላ መስመር እስከ መረቡ 11.885 ሜትር፣ ከመረቡ እስከ ሰርቭ መስመር 6.40 ሜትር ነው። የመሬት ስበትን ለጊዜው ትተን ቀጥታ መስመር ብናሰምር፣ ኳሷ ከ2.61 ሜትር በታች ከተመታች መረቡን አልፋ ሳጥኑ ውስጥ ልታርፍ አትችልም። ክንዱን አጥፎ የሚመታ ሰው እዚያ ከፍታ አይደርስም። መፍትሔው ወደ ታች መደብደብ ሳይሆን ተዘርግቶ ወደ ላይ መምታት ነው፤ ኳሷን ወደ ሳጥኑ የሚያወርዷት ስበትና ሽክርክሪት ናቸው።

ለሽክርክሪቱ አያያዝ ወሳኝ ነው። ራኬቱን እንደ መጥበሻ የሚይዝ ሰው ኳሷን ይገፋታል እንጂ አያሽከረክራትም። በራኬቱ ጠርዝ ምስማር እንደምትመቱ፣ ልክ እንደ መዶሻ ያዙት። አሠልጣኞች ይህን ኮንቲኔንታል ግሪፕ ይሉታል።

እንዴት እንቅረጽ?

ስልኩን ከጎን፣ በወገብ ከፍታ አቁሙና በስሎው ሞሽን ቅረጹ። በሰከንድ 30 ፍሬም ከሆነ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ በሁለት ፍሬሞች መካከል 93 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች፤ የምትመታበት ቅጽበት ላይገኝ ይችላል። በ240 ፍሬም ግን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ትሄዳለች።

መጀመሪያ የምታዩት ውርወራውን ነው። ኳሷ ከምትመታበት ነጥብ 1 ሜትር በላይ ወጥታ ከወደቀች፣ ራኬቱ ጋ ስትደርስ በሰከንድ 4.4 ሜትር ትወርዳለች። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከወጣች 2.4 ሜትር ነው። ዝቅ ያለው ውርወራ ኳሷን ቀስ ብላ ስለሚያሳልፋት ለመምታት ይቀላል፤ በጣም ካነሰ ግን ክንድ ለመዘርጋት ጊዜ አይተርፍም።

ፍጥነትንም መገመት ትችላላችሁ። ከምቱ እስከ ነጠረችበት ያሉትን ፍሬሞች ቁጠሩ። ሰርቭ መስመሩ አካባቢ ያረፈች ኳስ 18.3 ሜትር ያህል ተጉዛለች። 216 ፍሬም ከወሰደባት 0.9 ሰከንድ ነው፤ አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 168 ከሆነ ወደ 94 ይጠጋል።

ኮድ ለምትጽፉ

የጉግል ሚዲያፓይፕ ከአንድ ሰው ምስል 33 የአካል ነጥቦችን ያወጣል፤ ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የቀኝ ትከሻ 12፣ ክርን 14፣ የእጅ አንጓ 16 ናቸው፤ ከሦስቱ የክንዱን መዘርጋት በማዕዘን ታሰላላችሁ። ዳሌ 24፣ ጉልበት 26 እና ቁርጭምጭሚት 28 የጉልበቱን መታጠፍ ይነግሯችኋል። ኳሷን ግን አያውቃትም፤ ተጠቃሚው የመምቻውን ፍሬም በጣቱ ነክቶ እንዲያመለክት አድርጉ። ሌላው ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ስልኮች በ240 የተቀረጸውን ቪዲዮ በ30 እንደሚጫወት አድርገው ስለሚያስቀምጡት፣ የፋይሉን ጊዜ ሳይሆን የተቀረጸበትን የፍሬም መጠን ተጠቀሙ።

ውጤቱን በሰንጠረዥ አታጨናንቁት። ራኬት የያዘ ሰው ስክሪን አያነብም። «ክንድህን ዘርጋ»፣ «ከፍ አድርገሽ ወርውሪ» የሚሉ ሃያ ያህል አጫጭር ድምፆችን ራሳችሁ ቀድታችሁ ብታስገቡ፣ እንግሊዝኛ የማያዘወትሩ እናትና አባትም ከልጆቻቸው ጋር ይለማመዱበታል። በሕዝብ ሜዳ የሌላ ሰው ልጅ ካሜራው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ቪዲዮው ከስልኩ እንዳይወጣ አድርጉ።

በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ዛሬ አያያዝ ከሆነ ውርወራው ይቆየን። 20 ሰርቭ ቅረጹ፣ ስንቱ ሳጥኑ ውስጥ እንዳረፈ መዝግቡ፣ በሳምንቱ ድገሙት። አያያዝ ሲቀየር መጀመሪያ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል፤ በዚያ ተስፋ ቆርጣችሁ ወደ መጥበሻው አትመለሱ። ትከሻችሁን ካመማችሁ ግን ቪዲዮው ምንም ቢል አቁሙ።