ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበሮች ቍጥርና የምዕራብ ጎጃም ልማድ

በየሀገሩ ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከነጋዴ ድርጅት ውጭ የሆነ፣ ትርፍ ለመካፈል ሳይሆን አንድን ጉዳይ በኅብረት ለመፈጸም የቆመ ማኅበር ይገኛል። እንዲህ ያለውን ማኅበር ሁሉ በአንድነት ሰብስቦ «ለትርፍ ያልቆመ ዘርፍ» ብሎ መጥራትና የአንዱን ሀገር መጠን ከሌላው ጋር በቍጥር ማነጻጸር ግን በቅርብ ጊዜ የተጀመረ ሥራ ነው። በዚህ ረገድ ሰፊ ስም ያተረፈው በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እነሌስተር ሳላሞንና ሄልሙት አንሃየር የመሩት ጥናት ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ 22 ሀገሮች፣ ቀጥሎም በ2004 ስለ 36 ሀገሮች ታትሞ ወጥቷል።

ጥናቱ ደመወዝ የሚከፈላቸውንና በፈቃዳቸው ያለ ዋጋ የሚያገለግሉትን ሰዎች አንድ ላይ ደምሮ፣ የሥራቸውን ጊዜ ወደ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ መንዝሮ ያሰላል። በዚህ ስሌት መሠረት በሆላንድ በሥራ ከተሰማራው ሕዝብ ከመቶው 14.4 እጅ፣ በሜክሲኮ ግን 0.4 እጅ ብቻ በዚህ ዘርፍ ውስጥ ተገኝቷል፤ የ35 ሀገሮች አማካይ 4.4 እጅ ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ ዩጋንዳ 2.3፣ ኬንያና ታንዛኒያ እያንዳንዳቸው 2.1 እጅ ደርሷቸዋል። ኢትዮጵያ ከተጠኑት ሀገሮች መካከል አልነበረችም። እንግዲህ ኢትዮጵያ በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ስፍራዋ የት ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን መልሱ የሚገኘው ከመዝገብ ቤት ከሆነ ከእውነቱ እጅግ የራቀ እንደሚሆን የምዕራብ ጎጃም ገጠር በግልጽ ያስረዳል።

የማኅበር መለያዎች

የጆንስ ሆፕኪንስ ሊቃውንት አንድ ድርጅት በዘርፉ ውስጥ እንዲቈጠር አምስት መለያዎች አኑረዋል። ይኸውም አንደኛ፣ ድርጅቱ ሥርዐትና ቀዋሚነት ያለው ይሁን፤ ሁለተኛ፣ ከመንግሥት የተለየ ይሁን፤ ሦስተኛ፣ ትርፉን ለባለቤቶቹ አያከፋፍል፤ አራተኛ፣ ራሱን በራሱ ያስተዳድር፤ አምስተኛ፣ አባልነቱ በፈቃድ ይሁን የሚሉ ናቸው። ከእነዚህ መለያዎች አንዱም ቢሆን ማኅበሩ በመንግሥት መዝገብ ይጻፍ አይልም። ይሁን እንጂ ቍጥር የሚሰበሰበው ከመዝገብ፣ ከግብር መሥሪያ ቤትና ከሠራተኛ ቆጠራ ስለሆነ፣ በመለያው ያልተጠየቀው ምዝገባ በአሠራር ግን እንደ ስድስተኛ መለያ ሆኖ ይገባል።

በኢትዮጵያ ሕግም ቢሆን ማኅበር የሚለው ቃል ትርጕም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 404 ማኅበርን የሚተረጕመው ትርፍ ከማግኘትና ከመካፈል ለተለየ ዓላማ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚቋቋም ኅብረት ብሎ ነው። በ1959 ዓ.ም. ስለ ማኅበሮች ምዝገባ ደንብ ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 621 በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበሮች ላይ ጥብቅ ሥርዐት ጣለ፤ በተለይም በመብት ጉዳይ የሚሠሩት የሀገር ውስጥ ድርጅቶች ከገቢያቸው ከመቶው ከ10 እጅ በላይ ከውጭ እንዳይቀበሉ ከለከለ። ይህም አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1113 ተሽሮ ክልከላው ተነሣ።

ሁለቱ አዋጆች በብዙ ነገር ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም እድርን፣ ዕቍብንና እነዚህን የመሳሰሉትን ባህላዊ ማኅበሮች፣ እንዲሁም የሃይማኖት ተቋሞችን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርገዋል። ይህ ነጻ መተው ለማኅበሮቹ በጎ ነገር ነው፤ ልማዳቸውን በጽሕፈት ቤት ፊት እንዲያስፈቅዱ አልተገደዱምና። ዳሩ ግን ከአዋጁ የወጣ ከመዝገቡም ይወጣል፤ ከመዝገቡ የወጣም ከቍጥሩ ይጎድላል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የምዕራብ ጎጃም ዞን ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን ይበልጥ ነበር፤ ከዚህም ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው የገጠር ነዋሪ ሲሆን በሃይማኖት ረገድ እጅግ የሚበዛው ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነው። አንድ ቈጣሪ መዝገቡን ይዞ ከዞኑ ዋና ከተማ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ቢጓዝ በመንገዱ ግራና ቀኝ ባሉት የጤፍ፣ የበቆሎና የበርበሬ ማሳዎች መካከል ሰሌዳ የተለጠፈበት የማኅበር ጽሕፈት ቤት እምብዛም አያገኝም። ነገር ግን በሰንበት ቀን ወደ አንዱ ደብር ቅጥር ግቢ ጎራ ቢል የሚያየው ሌላ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ይቀመጣል። ተራ የደረሰው አባል እንጀራውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካል፤ አባላቱም፣ ችግረኛውም፣ መንገደኛውም ከማዕዱ ይቀምሳሉ። የጽዋ ማኅበር ደግሞ በየወሩ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ27 በመድኃኔ ዓለም ወይም በሌላ የቅዱስ ስም ቀን ከቤት ወደ ቤት እየተዛወረ ይጠጣል። ጽዋው ለተረኛው በሥርዐት ይተላለፋል፤ ማኅበሩን የሚመራው ሙሴ ተብሎ ይጠራል፤ የቀረና ሥርዐት ያፈረሰ ይቀጣል፤ የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ጽዋውን አይቀምሱም። ቀዋሚነት፣ ራስን ማስተዳደር፣ ትርፍ አለመካፈል ሁሉም በዚህ ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ።

እድር ከእነዚህ ይልቅ ወደ ዘመናዊው ማኅበር የቀረበ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ በከተማው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መዋጮው በገንዘብ ሲሆን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ በጋራ ይያዛል። በገጠሩ ግን መዋጮው በአብዛኛው በእንጀራ፣ በእህልና በጕልበት ነው፤ መቃብር መቈፈር፣ ሐዘንተኛውን ማስተዛዘን፣ የታመመውንም በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ማድረስ የአባላቱ ግዴታ ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ተባባሪዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ በኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች ያሉት እድሮች የአባላት ዝርዝርና የታወቀ ደንብ ያላቸው፣ በአሠራራቸውም የቀብር መድን ሊባሉ የሚችሉ መሆናቸውን አሳይተዋል።

እርግጥ ነው፣ «በፈቃድ» የሚለው አምስተኛው መለያ እዚህ ላይ ይፈተናል። ማንም ሰው እድር እንዲገባ በሕግ አይገደድም፤ ነገር ግን የሌላውን ሬሳ ያልሸኘ ሰው የራሱን ቤት ሐዘን ብቻውን እንደሚቀመጥ ያውቃል። ይህ የይሉኝታና የመተሳሰብ ግዴታ እንጂ የሹም ትእዛዝ አይደለም፤ በሌላውም ዓለም ቢሆን ከይሉኝታ ፈጽሞ የጠራ የፈቃድ አገልግሎት ብርቅ ነው።

የገበሬው የሥራ ኅብረት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ወንፈል በሬ ለበሬ፣ ጕልበት ለጕልበት የሚለዋወጡበት ስለሆነ ብድር ነው፤ ዛሬ የተሠራለት ነገ ይሠራል። ደቦ ወይም ጅጊ ግን ጠሪው ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ሰው የሚለምንበት ነው፤ የቀን ሒሳብ አይያዝበትም፤ ባሏ ለሞተባት ሴት፣ ለታመመና ለደከመ ገበሬ ሲጠራም ምጽዋት ይሆናል። ስለዚህ ወንፈልን ከዘርፉ ማስወጣት፣ ለአቅመ ደካማ የተጠራውን ደቦ ግን ማስገባት የተሻለ ይመስላል። ዕቍብም አባላቱ የራሳቸውን ገንዘብ በዕጣ የሚቀበሉበት የቍጠባ ኅብረት ስለሆነ ከዘርፉ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ትርፋቸውን ለአባላት የሚያከፋፍሉት የኅብረት ሥራ ማኅበሮችም በሦስተኛው መለያ ምክንያት ወደ ውጭ ይቀራሉ።

በስሙ ማኅበር የተባለ ሁሉም በመለያው ማኅበር አይሆንም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 31 መሠረት የተቋቋመው የገበሬ ማኅበር መሬት የሚያከፋፍል፣ የመንግሥትን ትእዛዝ የሚያስፈጽም አካል ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በበጋ ወራት ገበሬው ያለ ክፍያ ይወጣበት የነበረው የእርከንና የተፋሰስ ሥራም ለዐይን ደቦ ይመስላል፤ ሆኖም ቀኑን የሚወስነውና ሰው የሚጠራው ቀበሌው ነው። በመዝገብና በዘገባ ጎልቶ የሚታየው ይኸኛው ሲሆን በፈቃድ የሚደረገው ደቦ ግን አይጻፍም። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማራ ልማት ማኅበር ከአባላት በሚሰበስበው መዋጮ ትምህርት ቤት በማሠራት የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ከክልሉ አስተዳደር ጋር ያለው ቅርበት በሁለተኛውና በአራተኛው መለያ በኩል እንዲመረመር ያደርገዋል።

የንጽጽሩ ትርጕም

እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ጥናት በ22ቱ ሀገሮች ዘርፉ ከሚያሠራቸው ባለደመወዞች መካከል ትምህርት 30፣ ጤና 20፣ ማኅበራዊ ርዳታ 18 እጅ ይዘው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ጠቅልለዋል። በምዕራብ ጎጃም ያለው አቋም ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እዚህ ዘርፉ የቆመው በቀብር፣ በማዕድ፣ በዕርቅና በጕልበት ላይ ነው። ደመወዝተኛ የለውም፤ ገንዘቡም ጥቂት ነው፤ ሀብቱ የሰው ጊዜ ነው። ስለዚህ በደመወዝና በበጀት የሚለካ መስፈሪያ ይህን ዘርፍ ትንሽ ብሎ ሲፈርድ የሚለካው የሌላውን ዘርፍ አምሳል ነው።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ የአማራው ኑሮ ግለኝነት የሚያመዝንበት መሆኑን አጥብቀው ገልጸዋል። አስተያየታቸው ስለ መሬት ክርክርና ስለ ሹመት ፉክክር ብዙ እውነት አለበት። ነገር ግን በርስት የሚከራከሩት ሁለቱ ባላጋራዎች በአንድ ሰንበቴ የሚቀመጡ፣ በአንድ እድር የሚቀባበሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግለኝነቱና ኅብረቱ የአንድ ኑሮ ሁለት ገጾች ናቸው።

እንግዲያስ እድሮችን ሁሉ መዝግቦ መቍጠር መፍትሔ ይሆናልን? የእንግሊዝ ታሪክ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በዚያ ሀገር የሠራተኞች የመረዳጃና የቀብር ማኅበሮች ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1793 የወጣው ሕግ ለሚመዘገቡት ጥቅም ስለሰጠ ብዙዎቹ ተመዘገቡ፤ ሌሎቹ ግን የሹማምንትን ጣልቃ ገብነት ፈርተው ቀሩ። በ1911 መንግሥት ብሔራዊ መድን ሲያቋቁም እነዚህን ማኅበሮች የመድኑ አስፈጻሚ አደረጋቸው፤ በ1948 ደግሞ ሥራውን ራሱ ሲወስድ ብዙው ተግባራቸው ተቋረጠ። በመዝገብ በኩል የገባው የመንግሥት እጅ በመጨረሻ ሥራውን ራሱን ወሰደው።

ከዚህ የተሻለው መንገድ ማኅበሩን ሳይሆን ሰውን መጠየቅ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የፈቃድ ሥራ መለኪያ መመሪያ፣ አንድ ሰው ባለፉት አራት ሳምንታት ከቤተ ሰቡ ውጭ ላሉ ሰዎች ያለ ዋጋ ምን ያህል ሰዓት እንደ ሠራ ይጠይቃል፤ በድርጅት በኩል የተሠራውንም በቀጥታ የተሠራውንም ያጠቃልላል። ይህ አሠራር እድርተኛውንም ደቦ የወጣውንም ሊይዝ ይችላል። ሆኖም በጎጃም ገጠር አራት ሳምንት አይበቃም፤ የሐምሌ አረምና የኅዳር አጨዳ የተለያዩ ናቸውና። በሰንበትና በየወሩ በዓላት ሞፈርና ቀንበር አይነካም፤ የማኅበሩም ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ጠያቂው የገበሬውን ዓመት በባሕረ ሐሳብና በእርሻ ወራት ከፋፍሎ፣ ከአባወራው ጋር ጋጋሪዋንና ጠላ ጠማቂዋን እመቤት ጭምር መጠየቅ አለበት፤ የማዕዱ ድካም የሚበዛው በእርስዋ ላይ ነውና።

ጉዳዩ የሠንጠረዥ ክብር ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ውጊያ ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በመከራው ውስጥ ነበሩ። መንገድ ሲዘጋና ጽሕፈት ቤት ሲታጠፍ ሙት የሚቀብረው፣ ቍስለኛ የሚሸከመው፣ ለሐዘንተኛ እንጀራ የሚያቀርበው ጎረቤት ነው። ርዳታ የሚያቅድ ሰው መዝገቡን ብቻ አይቶ በዚያ ሀገር ማኅበር የለም ቢል፣ ባለበት ነገር ላይ ከመደገፍ ይልቅ ባዶ መሬት ላይ አዲስ ኮሚቴ ሲተክል ይውላል፤ አዲሱም ኮሚቴ የቀብሩን ሰዓት ከሰንበቴው ጋር ይሻማል። እንግዲህ በዚህ ዞን የሚጀመር ጥናት ማኅበሮቹ የት እንዳሉ ከማወቅ ቀጥሎ፣ በማን ጊዜና በማን ድካም እንደሚቆሙ መመዘን ይገባዋል።