እንዴት ይሠራል? ለቁጣ የሚሰጥ ለስላሳ መልስ

የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሩን ደብድበው «ውኃሽ ኮርኒሴን ጨረሰው! ለስንት ጊዜ ልንገርሽ?» ብለው ቢጮኹ፣ በጩኸቱ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የራሰው ኮርኒስ ነው። ሌላው፣ ብዙ ጊዜም የሚከብደው፣ «ንቀሽኝ ነው» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። ለስላሳ መልስ የሚሠራው ሁለተኛው ላይ ነው።

መጽሐፈ መሳፍንት ይህን በሁለት ታሪክ ያሳያል። የኤፍሬም ሰዎች በሁለት የተለያዩ ጊዜያት፣ ወደ ሁለት መሪዎች፣ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው መጡ፤ ለጦርነት ስትወጣ ለምን አልጠራኸንም የሚል። በምዕራፍ 8 ጌዴዎን ለምን እንዳልጠራቸው አንዲት ቃል አላስረዳም። የእናንተ ቃርሚያ ከእኛ መከር ይበልጣል፣ የምድያም መኳንንት የወደቁት በእናንተ እጅ ነው፣ እኔ ምን ሠራሁ አላቸው። ቁጣቸው በረደ። ሽንገላ አልነበረም፤ መኳንንቱን የያዙት በእርግጥም እነሱ ናቸው። በምዕራፍ 12 ግን ዮፍታሔ፣ ጠርቻችሁ ነበር፣ እናንተ ናችሁ የቀራችሁት ብሎ ተከራከረ። ምናልባት እውነቱን ነው። ደግሞ እንፍረድለት፤ ቤትህን በላይህ ላይ እናቃጥላለን ብለው ለመጡ ሰዎች መለዘብ ቀላል አይደለም። ግን ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፤ ከኤፍሬም 42 ሺህ ሰው አለቀ።

የተቆጣ ሰው ሰውነቱ አድሬናሊን ረጭቶ፣ ልቡ እየደለቀ፣ ለግጥሚያ ተዘጋጅቷል። በዚያ ሰዓት «ይረጋጉ እንጂ!» ማለት የሚገነፍል ጀበና አፉን እንደ መድፈን ነው፤ የሚበጀው ከእሳቱ ማንሣት ነው። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው፣ ነግረውኝ ነበር። አሁኑኑ ወርጄ ልየው» ሲባል ግን የሚገፋው ነገር ያጣል። ውኃው ከእኛ ቤት ካልሆነ እሱን ኮርኒሱን አብረን ካየን በኋላ እንናገራለን።

ለማሸነፍ ብቻ የሚለሰልስ ሰው ድምፁ ያስታውቅበታል። የገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 የዋህነትን ከመንፈስ ፍሬዎች የሚቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍሬ በቅጽበት አይበቅልም። በር ሲደበደብ ለጸሎት ጊዜ የለም፣ ጸሎቱ ጠዋት ያለቀ መሆን አለበት።

የዋህነት ዝም ብሎ መዋጥም አይደለም። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ አልተሳደበም፤ ግን ክፉ ተናግሬ እንደ ሆነ መስክር፣ ካልሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ። ዮሐንስ ምዕራፍ 18 ላይ አለ። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ደግሞ የቃል ተራ ገና ነው፤ መጀመሪያ ከቤት መውጣትና ለፖሊስ መንገር፣ ከዚያ ለንስሐ አባት ወይም ለፓስተር፣ ሽምግልናው ቆይቶ ይደርሳል።