ክረምትና በጋ በአዲሱ አገር፦ ወቅቶችንና በዓላትን በቤት ውስጥ ስለ ማክበር

ይህ ጽሑፍ በአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ ነው። በገዴራ፣ በያቭኔና በቂርያት ማላኺ የምትኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች በሰንበት ዋዜማ ወይም ቡና ሲፈላ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ማንበብ የሚችል ለማይችለው እያነበበ እንድትከታተሉት እንጠይቃለን።

ሰው ወደ አዲስ አገር ሲመጣ ቋንቋ እንደሚቸግረው ሁሉም ያውቃል። ወቅቱም ጭምር እንደሚጠፋበት ግን ብዙዎች አያስተውሉም። በጎንደር ገጠር የኖረ ሰው ሰኔ ግም ሲል ዘር እንደሚዘራ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ እንደሚደርስ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እዚህ ነገሩ ተገላብጦ ይጠብቀዋል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከሰማይ አንዲት ጠብታ አትወርድም። ዝናቡ የሚመጣው በአገራችን መኸር በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ከጥቅምትና ከኅዳር ጀምሮ ሲሆን እስከ ሚያዝያ ድረስ ይቆያል። ስንዴው የሚዘራው በዝናቡ መግቢያ ነው፤ የሚታጨደውም በሚያዝያና በግንቦት ነው።

ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየቤቱ ስገባ የማየው ሌላ ነው። በአገራችን ዘመኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ቄሶች ነበሩ። ጨረቃን አይተው በዓሉ በዚህ ቀን ነው ሲሉ ትልቁም ትንሹም ይሰማቸዋል። እዚህ ግን የበዓሉን ቀን ለአያቱ የሚነግረው ከትምህርት ቤት የመጣ የ6 ዓመት ልጅ ሆኗል። አያት ዝም ይላሉ፤ ልጁም አያቱ ምንም የማያውቁ ይመስለዋል። ወላጅ በልጁ ፊት ያለው ክብር የሚላላው አንዱ በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ወቅትን በሥዕል፣ በምግብና በእጅ ሥራ ወደ ቤት ስለ መመለስ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ወፍራም ወረቀት ግዙ። እዚህ አገር ብሪስቶል ይሉታል፤ በየጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ በጥቂት ሼቄል ይገኛል። በላዩ ላይ ትልቅ ክብ ሣሉና እንደ ሰፌድ ከመሐል ጀምራችሁ በ12 ክፈሉት። የአይሁድ ወራት ቲሽሬይ፣ ሔሽቫን፣ ኪስሌቭ፣ ቴቬት፣ ሽቫት፣ አዳር፣ ኒሳን፣ ኢያር፣ ሲቫን፣ ታሙዝ፣ አቭ እና ኤሉል ናቸው። በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ ሁለተኛ አዳር ተጨምሮ ወራቱ 13 ይሆናሉ። ጳጉሜን ለሚያውቅ ሰው 13ኛ ወር እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ይህኛው ሙሉ ወር መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል በስተውጭ በኩል እዚህ የምታዩትን፣ በስተውስጥ በኩል ደግሞ በዚያው ጊዜ በአገር ቤት ይታይ የነበረውን ሣሉበት። ለምሳሌ በሲቫን በውጭው የታጨደ ስንዴ፣ በውስጡ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ይሆናል። የውስጡን ሊያውቅ የሚችለው አያት ወይም ወላጅ ብቻ ነው። ልጁ ሊሥል ሲል «በታሙዝ እዚያ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቁ ግድ ይሆንበታል።

ሥዕል አንችልም የምትሉ ትኖራላችሁ። ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ በሙጫ ለጥፉ፤ የደረቀ ቅጠል ለጥፉ። ደግሞስ ማነው አይችልም የሚለው? ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው ወለቃ እናቶቻችን ከሸክላ በሚሠሯቸው ትናንሽ ምስሎች በጎብኚዎች ዘንድ የታወቀች ነበረች። ስፌት የሚሰፉ እናቶችም ስንደዶና አክርማ ባይኖር እዚህ ባለ ቀለም ክር ከገበያ እየገዙ በዚያው ጥበብ ይሰፋሉ። እንዲህ ዓይነት እጅ ያላት እናት ለልጇ መምህር ናት።

ክቡ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ሌላ ጥቅም አለው። ከጋን ወረቀት ሲመጣ (ጋን ስንል የጠላውን ጋን ማለታችን አይደለም፤ መዋዕለ ሕፃናቱን ነው) ልጁ በዓሉን በክቡ ላይ በጣቱ ያሳያችኋል፤ እናንተም ቀኑ ሳይደርስ ምን ማዘጋጀት እንዳለባችሁ ትጠይቃላችሁ።

አሁን ወደ ወራቱ እንሂድ። በበጋው መጨረሻ፣ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ በሜዳውና በኮረብታው ቅጠል የሌለው ረጅም ነጭ አበባ ብቻውን ቆሞ ታያላችሁ። ሐጻቭ ይባላል። አደይ አበባ መስከረምን እንደሚያበስር ይህም እዚህ የመጸው መቅረብን ያበሥራል። ልጆችን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩዋቸው፤ ቤት ገብተው ይሣሉት። ነገር ግን አትቁረጡት። እዚህ አገር ብዙ የዱር አበባ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በክረምት በደቡብ በኩል ሜዳውን ቀይ የሚያደርገው ካላኒትም እንዲሁ መቀንጠስ ክልክል ነው።

ከዚያ የቲሽሬይ በዓላት ይመጣሉ። ሮሽ ሃሻና እኛ ብርሃን ሠረቀ የምንለው ነው፤ ዮም ኪፑር አስተሰርዮ ነው፤ ሱኮት በዓለ መጸለት ነው። ስሞቹን በክቡ ላይ በሁለቱም ጻፉ፤ ልጁ በዓሉ በጋን የተጀመረ እንዳይመስለው። የሮሽ ሃሻና ፖምና ማር፣ ሮማንም፣ ለእኛ አዲስ ልማድ ነው፤ ማሩ ግን አዲስ አይደለም። በሱኮት እዚህ ዳስ ይሠራል። ጣሪያው ከተቆረጠ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ስኻኽ ይሉታል። ልጆች በወረቀት ሰንሰለትና በሥዕል ያስጌጡታል። በጎረቤቶቻችሁ ዳስ ውስጥ የፕላስቲክ ፍራፍሬ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። እናንተ ትናንሽ ሰፌዶችና ሙዳዮች ብትሰቅሉ ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። በበዓሉ መጨረሻ በሽሚኒ ዓጼሬት ምኩራብ ውስጥ ስለ ዝናብ ይጸለያል። ልጆቻችሁ «ለምን አሁን?» ቢሏችሁ ክቡን አሳዩዋቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ዮሬ፣ የመጨረሻው ማልቆሽ ይባላል፤ ሁለቱም በኦሪት ዘዳግም የተጻፉ ስሞች ናቸው።

በሔሽቫን 29 ቀን፣ ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ፣ ሲግድ ነው። በአምቦበር ተራራ ላይ የወጣችሁበት ሰዎች ከእኔ ይልቅ እናንተ ትነግሩናላችሁ። ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል። በኢየሩሳሌም በአርሞን ሃናጺቭ ቄሶቹ ባለ ቀለም ጥላቸውን ይዘው ሲቆሙ ልጆች ሥዕሉን በቀላሉ ያስቀሩታል፤ ጥላዎቹ ለቀለም የተፈጠሩ ናቸው። በዚህ ሳምንት ወደ ልጃችሁ ክፍል ሄዳችሁ መሶብና ዳቦ ለማሳየት አስተማሪዋን ጠይቁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አንዲት እናት ሌሊት ተነሥታ የጋገረችውን ዳቦ ልጇ ተሸክሞ ሄዶ፣ ዳቦው ሳይቆረስ ተመልሶ መጣ። እናቲቱ እንደ ንቀት ቆጠረችው፤ ልጁም ከዚያ በኋላ ከቤት ምግብ መያዝ እምቢ አለ። በብዙ ጋን የካሽሩት ማኅተም ያለው የታሸገ ምግብ ብቻ ይገባል፤ ከእስራኤል ተወላጅ እናት የመጣ ኬክም ቢሆን ይመለሳል። ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት «ምን ማምጣት ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዳቦ ካልተፈቀደ መሶቡን፣ ጀበናውን፣ የተሠራውን የሸክላ ዕቃ፣ ሥዕሉን ውሰዱ። ዳቦው ቤት ይጠብቃል፤ የክፍሉን ልጆች ወደ ቤት መጥራትም ይቻላል።

ክረምቱ ኪስሌቭ ላይ ይገባል። ሐኑካን በአገራችን አናከብርም ነበር፤ እዚህ 8 ቀን በየማታው መብራት ይጨመራል፣ በዘይት የተጠበሰ ይበላል። ለገዴራ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከሩሲያ የመጡት ቢሉ የተባሉ ወጣቶች ገዴራን የመሠረቱት በ1884 እ.ኤ.አ. በሐኑካ ሰሞን ነው። እነርሱም እርሻ የማያውቁ፣ አገሩም ዝናቡም እንግዳ የሆነባቸው አዲስ ገቢዎች ነበሩ። ሻማውን ከመጋረጃ አርቃችሁ፣ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ አድርጉ።

ከሁሉ የበለጠ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። በክረምት ከሰል አቀጣጥላችሁ ቡና ማፍላት ወይም ቤት ማሞቅ፣ መስኮትና በር ተዘግቶ ሳለ፣ ይገድላል። በአገር ቤት ጭሱ በሣር ክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ ይወጣ ነበር። የእዚህ ቤት በብሎክና በመስታወት የተደፈነ ስለሆነ አየር አይወጣበትም። ከፍም የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ያመጣና ሰው ተኝቶ ይቀራል። ከሰሉ ጭስ ባይኖረውም ያው ነው። ቡናውን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፤ የከሰሉን ወግ ካልተዋችሁት ደጅ ላይ ይሁን፣ ፍሙም ለማሞቂያ ተብሎ ወደ ቤት አይግባ። ራስ ምታት ከተሰማችሁ ሁሉም ሰው ወደ ውጭ ይውጣና ወደ 101 ደውሉ።

ዝናቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጣለ በኋላ በየሜዳው ኹቤዛ የሚባል ክብ ቅጠል ያለው ተክል ይበቅላል። ማንም አልዘራውም፣ ማንም አይሸጠውም ለማለት ይቻላል። ለጋ ለጋውን ቅጠል ለቅማችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ሽንኩርቱን በዘይት ቁሌት አድርጋችሁ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራችሁ እንደ ጎመን ሥሩት። ከመኪና መንገድ ዳርና መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ግን አትልቀሙ። ልጆች መልቀሙን ይወዱታል፤ አያቶችም ይመራሉ።

በሽቫት 15 ቀን ቱ ቢሽቫት፣ የዛፎች አዲስ ዓመት ነው። ለውዝ የሚባለው ሻኬድ በዚህ ጊዜ ነጭና ሮዝ አበባ ያብባል። በኦሪት ምድሪቱ የተመሰገነችባቸው 7ቱ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወይን፣ በለስ፣ ሮማን፣ ወይራና ተምር ናቸው። የደረቀ ፍራፍሬ በውድ አትግዙ፤ ከሰባቱ ጥቂት ተምር፣ ጥቂት ዘቢብ፣ ቆሎ ከገብስና ከስንዴ ይበቃል። ፑሪም በአዳር ነው፤ ጾመ አስቴርን ስለምታውቁት ብዙ አልናገርበትም። የልጁን ልብስ መግዛት ግዴታ አይደለም። የአያት ጋቢና መቋሚያ የለበሰን ልጅ ማንም አይበልጠውም።

ፋሲካ ከሁሉም የበለጠ በእጃችን ያለ በዓል ነው። በአገራችን እናቶች አሮጌውን ሸክላ ሰብረው አዲስ ይሠሩ ነበር፤ 7 ቀን ቂጣ ይበላ ነበር። እዚህ ዕቃው አይሰበርም፤ የብረቱ በፈላ ውሃ ይነጻል፣ ወይም ለፋሲካ የተለየ ዕቃ ይቀመጣል። ስለ እንጀራና ስለ ጤፍ ቄሳችሁን ወይም ራባይ ጠይቁ፤ እኔ የምፈርድበት አይደለም። ልጆቹ ግን ከሸክላ ጭቃ አንድ ትንሽ ድስት እንዲሠሩና አያት ያንን የመስበርና የመሥራት ነገር እንዲያወሩላቸው አድርጉ። በፋሲካ የዝናቡ ጸሎት ይቆምና ስለ ጠል ይጸለያል፤ በክቡ ላይ ደመናውን የምትጨርሱት እዚያ ነው።

ከዚያ ሻቩኦት፣ እኛ በዓለ ማእረር የምንለው፣ ይመጣል። ማእረር ማለት መከር ነው። በአገራችን በዚያ ወር ገና እርሻው ይታረስ ስለነበር ስሙና ሜዳው አይገናኙም ነበር፤ እዚህ ግን ስንዴው በእርግጥ የታጨደበት ጊዜ ነው። በዓሉ የወተት ምግብ የሚበላበት ነውና አይብ አውጡ። ወተቱን በሞቀ ስፍራ አስቀምጣችሁ እንዲረጋ ካደረጋችሁ በኋላ ቅቤውን ናጡት፤ ወይም ከሱቅ የተገዛ እርጎ ተጠቀሙ። በዝግተኛ እሳት ላይ አድርጉት፤ አይፍላ፣ አይማሰልም። አይቡ ከአጓቱ ሲለይ አውርዳችሁ አቀዝቅዙና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉ። ጤና አዳምና ትንሽ ጨው ካገኘ ሌላ አያስፈልገውም።

ታሙዝና አቭ ሙቀት ናቸው። ጾመ አብን የሚጾሙ አረጋውያን ካሉ ሐኪማቸውን አስቀድመው ያማክሩ፤ ውሃ ሳይጠጡ በዚህ ፀሐይ መዋል እንደ ደጋው አይደለም። ልጆቹ ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ክቡን ማስጌጥ ወይም ስፌት መጀመር ጥሩ ነው።

በኤሉል ክቡ ይሞላል። ወረቀቱን አትጣሉት፤ የልጁን ስምና ዓመቱን ጻፉበትና ከአልጋ ሥር አስቀምጡት። ጀርባው ገና ነጭ ነው፤ ሐጻቩ እንደገና ሲወጣ አዲሱን ክብ በዚያ በኩል ጀምሩ።