ማሾ ሸጦ ማሽላ መሸመት፦ ባቲ ላይ ገበያው ሞልቶ ጎተራው ለምን ይጎድላል?

ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው እዚህ አካባቢ የቀለብ ችግር አለ ቢሉት ለማመን ይከብደዋል። ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ግመሉም፣ እህሉም፣ ጫቱም አለ። ግን በወረዳው በሴፍቲኔት የሚደጎሙ አባወራዎች አሉ። በ1977ቱ ረሃብም ትልቅ መጠለያ ጣቢያ የነበረባት ይህችው ባቲ ናት። ነገሩ እንዴት ነው? በአጭሩ እናስረዳችሁ።

ማሾ ለምን ተመረጠ?

ማሽላ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ገበሬው በሐምሌ ዘርቶ ቶሎ የሚያነሳው ሰብል ያስፈልገዋል። ማሾ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይበቃዋል፣ መሬቱንም ያለማል። አብዛኛው ለውጭ ገበያ ነው፤ በ2006 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገብቷል።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ማሾ ይበላል፣ ግን የዓመት ቀለብ አይሆንም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ "ማሾ ስንት ገባ?" ሳይሆን "አንድ ኩንታል ማሾ ስንት ኩንታል ማሽላ ይገዛል?" ነው። ገበሬው ማሾውን የሚሸጠው ምርት እንደተሰበሰበ፣ ሁሉም ሰው በሚሸጥበት ሰዓት ነው። ማሽላ የሚሸምተው ደግሞ ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በክረምት፣ ዋጋው ሲንር ነው። መሀል ላይ ብሩ ለዕዳ፣ ለማዳበሪያ፣ ለደብተር ይወጣል። ለስሌት ያህል፣ ታህሳስ ላይ ሁለት ኩንታል ማሽላ የሚገዛው ብር ነሐሴ ላይ አንድ ብቻ ቢገዛ የቤቱ ቀለብ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

ጫትም ቢሆን ብሩን ቶሎ ቶሎ ያመጣል፤ ግን መሬቱን ለዓመታት ይይዛል። ዋጋው ሲወድቅ ነቅሎ ማሽላ መዝራት እንዲህ ቀላል አይደለም።

ወሎ ይህን ያውቀዋል

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው መጽሐፍ የ1965/66ቱን የወሎ ረሃብ መርምሯል። የአፋር አርብቶ አደር የተጎዳው ከብቱ ስላለቀ ብቻ አልነበረም። በአዋሽ ዳር ጥሩው ግጦሽ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበታል፤ የተረፈችው ከብትም ገበያ ስትወጣ የምትገዛው እህል አነሰ። ሰው የሚራበው እህል ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን የመግዛት አቅም ሲያጣም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ማሾ ይቅር አንልም። ግን ማሾው እንደተሸጠ ከብሩ ላይ መጀመሪያ ቀለብ መሸመት፣ ነቀዝ በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ፣ ከመሬቱም ለማሽላ የተወሰነ መተው ይጠቅማል። ዩኒየኖችም ገበሬው በችኮላ እንዳይሸጥ የብድር መንገድ ቢያመቻቹ ትልቅ ነገር ነው። ከማሾው ጥቂቱን ለቤት ማስቀረትም ለልጆች ገንቢ ምግብ ነው።

በእናንተ ቀበሌ ዘንድሮ አንድ ኩንታል ማሾ ስንት ኩንታል ማሽላ ገዛ? ጻፉልን።