ደንበኛ ሳይጠይቅ ንገሩት

በዚህ ወር የማጫውታችሁ ስለ ምግብ አሠራር ሳይሆን ለደንበኛ ስለ መጻፍ ነው። ምግብ ቤት፣ ግሮሰሪ፣ ፀጉር ቤት፣ የታክስ ቢሮ ወይም የልጆች መዋያ ያላችሁ ሁሉ ይመለከታችኋል። ንግድ የሌላችሁም አንብቡት፤ ደንበኛ ያልሆነ ሰው የለምና።

የእኛ ሰው ሱቅ ሲከፍት ለኪራይ፣ ለፈቃድና ለዕቃ ያለውን ይጨርሳል። ለማስታወቂያ የሚተርፈው ገንዘብ የለም። ትልልቆቹ ድርጅቶች ደንበኛ የሚያነጋግርላቸው ሙሉ ክፍል አላቸው፤ እኛ ያለን አፋችን ነው። በእርግጥ አፋችን አይታማም። ሰው ሲገባ "እንደምን ዋልክ? ቤተሰብ ደህና?" ብለን እንቀበላለን። ችግሩ ሱቁ ሲዘጋ አፋችንም አብሮ መዘጋቱ ነው። አንዲት እናት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ልጆቿን አስተኝታ "ነገ ረቡዕ ነው፣ እነ እንትና ጋ የጾም ምን ይኖር ይሆን?" ብላ ስልኳን ስትከፍት የሚመልስላት የለም። ያን ጊዜ የጻፈው ሱቅ ያገኛታል፣ ያልጻፈው ያጣታል። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የተባለው ለንግድም ይሠራል።

ምን እንጻፍ?

ብዙ ሰው "እኔ ጸሐፊ አይደለሁም" ይላል። ጸሐፊ መሆን አያስፈልግም። ካሸሩ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጡና ለአንድ ሳምንት ደንበኛ የጠየቃችሁን ሁሉ መዝግቡ። በስልክ የተጠየቀውም ይግባበት። በእኛ ቤት አብዛኛው ጥያቄ እየተደጋገመ የሚመጣ ነው። የጾም አለ? እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው? ለበዓል ትከፍታላችሁ? ለሃያ ሰው ስንት ይበቃል? መኪና የት ይቆማል? የምትጽፉት እንግዲህ ይኸው ነው። በየሳምንቱ አንዷን ጥያቄ መርጣችሁ አምስት ስድስት መስመር መልስ ጻፉ። በሩ ላይ ለጥፉት፣ ከምግቡ ጋር በከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ አውጡት።

"ጣት የሚያስቆረጥም ባህላዊ ምግባችንን ይምጡና ይቅመሱ" የሚለውን ተዉት። ይህን የማይል ቤት የለም፤ ለደንበኛውም የሚነግረው ነገር የለም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "ረቡዕና ዓርብ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና የሱፍ ፍትፍት አለን። የሚሠሩት በዘይት ብቻ ነው። ቅቤ የሚነካው ድስት ለብቻው ነው።" አጭር ነው፣ ግን ጾመኛው አስተናጋጁን አስጠርቶ ሳይመረምር ተረጋግቶ ይበላል። የጻፋችሁት ግን ወጥ ቤት ውስጥ በትክክል የሚደረገው ብቻ ይሁን።

እውነቱን መጻፍ ግዴታ የሚሆንበት ቦታ

የእንጀራው ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ ይህን ፈረንጆቹም ስለሚያውቁ ፈልገው ይመጣሉ። ነገር ግን በውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ ንጹሕ ጤፍ አይደለም፤ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የሚቀላቀልበት ብዙ ነው። ሁለቱም ግሉተን አላቸው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ትንሽ እንኳ ቢበላ አንጀቱ ይጎዳል። በአሜሪካም በአውሮፓም አንድ ምግብ "ግሉተን ፍሪ" ለመባል የተቀመጠለት ወሰን በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው፤ ኢምንት ማለት ነው። ስለዚህ ሊጡ ንጹሕ ጤፍ ቢሆን እንኳ የስንዴው እንጀራ በተጋገረበት ምጣድ ከጋገራችሁት፣ ወይም እርሾው ከቅልቅሉ የመጣ ከሆነ፣ ያንን ቃል አትጻፉ።

አንዲት ደንበኛዬ ልጇ ይህ ሕመም አለበት። መጀመሪያ የደወለች ቀን የዕለቱ እንጀራችን ገብስ እንዳለበት ነገርናት። የሄደች መስሎን ነበር። እሷ ግን "እውነቱን የነገረኝ ሰው አገኘሁ" ብላ እስከ ዛሬ ትመጣለች፤ ለልጁ ሩዝ ለብቻው በተለየ ድስት ይሠራለታል። በዚያው ሰሞን "እንጀራችን ጤፍና ገብስ ነው" ብለን በሜኑው ላይ አሳተምነው። በዚህ ምክንያት የቀረ ደንበኛ አላየሁም።

ሌሎቹንም አትርሱ። በአሜሪካ ሰሊጥ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ከዘጠኙ ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ሆኗል፤ ለውዝ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴና ዓሣም አሉበት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዝርዝሩ 14 ነው። ሰናፍጭ እዚያ ውስጥ አለ፣ ግብጦም የሚመደብበት የእህል ዓይነት አለ። ምግብ ቤቶችም ከዲሴምበር 2014 ጀምሮ ይህንን ለደንበኛ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ጥሬ ክትፎና ጥሬ ሥጋ የምታቀርቡ ደግሞ በአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች "ያልበሰለ ሥጋ ለሕመም ሊያጋልጥ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንድታወጡ ትጠየቃላችሁ። የአካባቢያችሁን ጤና ቢሮ ጠይቁ።

ቀንና ሰዓት

የእኛ ሰው በሁለት ካላንደርና በሁለት ሰዓት ነው የሚኖረው። "በ2 ሰዓት ይምጡ" ብላችሁ ብትጽፉ ከአገር ቤት በቅርብ የመጣው በጠዋት ይደርሳል፣ እዚህ ያደገው ልጅ ከምሳ በኋላ ይመጣል። "ከምሳ በኋላ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 2 ሰዓት" ብትሉ ማንም አይሳሳትም። በዓልም እንደዚሁ ነው። እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን ወደ 12 ይዘላል። በ2023 እንደዚያ ነበር፣ በ2027ም እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ጻፉ፦ "መስከረም 1፣ ሴፕቴምበር 11። የዶሮ ወጥ ትእዛዝ የምንቀበለው እስከ ሴፕቴምበር 6 ማታ ነው። አንዱ ዶሮ 12 ብልትና 12 እንቁላል አለው።" የበዓል ዋዜማ ስልክ ስንት ጊዜ እንደሚጮህ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይህች ጽሑፍ ከግማሽ በላይ ታሳርፋችኋለች።

ዋጋ ሲጨምር

ሰው የሚቀየመው በዋጋው ብቻ ሳይሆን በድንገተኛነቱ ነው። ከፍሎ ሊወጣ ሲል ነው ጭማሪውን የሚያየው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጻፉ፦ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የጾም በያይነቱ ከ16 ዶላር ወደ 18 ዶላር ይገባል። የጤፍ ዱቄትና የዘይት ዋጋ ጨምሮብናል። የእንጀራው ቁጥርና የወጡ መጠን እንደነበረ ነው።" ምክንያቱን ንገሩት እንጂ አታልቅሱበት። ደንበኛችሁም ግሮሰሪ ይገዛል፤ ኑሮውን ያውቀዋል።

ቅሬታ ሲጻፍባችሁ

አንዱ ተነሥቶ ጎግል ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቶ "ወጡ ቀዝቃዛ ነበር" ቢል ደማችሁ ይፈላል። በዚያ ሰዓት አትመልሱ። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ይባላል፤ በስልክ የተጻፈ ወለምታማ ዓመት ሙሉ ሲነበብ ይኖራል። እደሩበትና በማግሥቱ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን፣ የሆነው ይህ ነው፣ እንዲህ አስተካክለናል። መልሱን የምትጽፉት ለከሳሹ ብቻ አይደለም። ነገ ሊመጡ አስበው ለሚያነቡት ሰዎችም ነው።

ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ አምስት ኮከብ ማስጻፍም ይቅር። በአሜሪካ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሐሰት አስተያየትን የሚከለክል የፌዴራል ደንብ ሥራ ላይ ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ከሕጉም በላይ ሰው ያውቃል። የአክስታችሁ ልጅ ስም ከአባታችሁ ስም ጋር ሲገጥም ማን ይሳሳታል?

ፈቃድ ጠይቁ

የደንበኛ ስልክ ቁጥር የአደራ ዕቃ ነው። ለኬክ ትእዛዝ የሰጣችሁን ቁጥር አንሥታችሁ በጅምላ ማስታወቂያ አትላኩበት። በአሜሪካ በቴክስት ማስታወቂያ ለመላክ የሰውየው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአውሮፓም የግል መረጃ ጥበቃው ሕግ ከሜይ 2018 ጀምሮ ጥብቅ ነው። "በሳምንት አንድ ጊዜ የጾም ሜኑ ልላክልዎት?" ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ይበቃኛል ያለውን ደግሞ ያኔውኑ አውጡት።

ልጆቻችሁና ይህ ሥራ

በብዙ ቤት እንግሊዝኛውን የሚጽፈው ልጅ ነው። ጥሩ ነው፤ ልጁ ሥራችሁን ያውቃል፣ ቋንቋውንም አይረሳም። ግን አብራችሁ ሥሩት። "የጾም ምግብ" የሚለውን "ፋስቲንግ ፉድ" ብሎ ቃል በቃል ከተረጎመው አሜሪካዊው "የምትጾሙ ከሆነ ምን ትሸጣላችሁ?" ይላል። "ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት፤ ለቪጋን የሚሆን" ብትሉት ይገባዋል። ልጁ "እማዬ፣ ለምንድነው የማንበላው?" ብሎ ሲጠይቅም ተርጓሚ ብቻ መሆኑ ይቀርና ስለ ራሱ ይማራል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። የሚሠራበትን ሰዓት ቁጠሩለት፣ የኪስ ገንዘብም ይሁን ሌላ ነገር ስጡት። የተቆጣ ደንበኛ የጻፈውን ስድብ ደግሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንብቦ እንዲመልስ አታድርጉ። ወላጆቹ ሲዘለፉ በገዛ እጁ መተርጎም ለልጅ ከባድ ሸክም ነው። ያንን መልስ እናንተ በአማርኛ አርቅቁት፤ እንግሊዝኛውን የሚያስተካክል አዋቂ አይጠፋም።

ሁሉንም በአንድ ቀን ካልጀመርኩ አትበሉ። በዚህ ሳምንት ደብተሩን አስቀምጡ። በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ጊዜ የተጠየቃችሁትን አንዱን መልሱና በሩ ላይ ለጥፉት። ደንበኛ የሆናችሁ ደግሞ ያነበባችሁት ከጠቀማችሁ ለባለ ሱቁ ንገሩት። ብዙዎቻችን ሰው የሚያነበው ስለማይመስለን ነው የምንተወው።

ገበያችሁ ይድራ፣ ሰላም ሁኑ።