ከአደጋ በኋላ የቴሌፎን ቁጥር የማን ነው?

ጎርፍ ቤት ሲወስድ ወይም መሬት ሲንሸራተት መጀመሪያ የምናስበው ስለ ምግብ፥ ስለ ልብስና ስለ መጠለያ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ፥ ከንብረትም የማይቆጠር ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የቴሌፎን ቁጥር ነው።

እስቲ ቢቸናንና ሞጣን እንመልከት። ሁለቱም በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል፥ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በዚሁ በአማራ ክልል፥ በሰሜን ጎንደር ጠለምት ወረዳ፥ የመሬት መንሸራተት ሰው ገድሎ ብዙዎችን አፈናቅሏል። ከዚያ በፊት ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ የደረሰው ደግሞ ከ200 በላይ ሰዎች ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ገደሎች አይደርስም ብሎ የሚምል ማን ነው?

በአደጋ ጊዜ ቴሌፎን በሦስት መንገድ ይጠፋል። አንደኛ፥ የአንቴናው ማማ መብራት ሲቋረጥበት በባትሪ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ጄኔሬተር ቢኖረው እንኳ መንገዱ ከተቆረጠ ነዳጅ አይደርሰውም። ሁለተኛ፥ ቴሌፎኑና ሲም ካርዱ ከቤቱ ጋር ይቀበራሉ። ሦስተኛ፥ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቴሌብር ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የብዙ ሰው ገንዘብ ከቁጥሩ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፥ ቁጥሩን ያጣ ሰው ድምፁንም ኪሱንም አጣ ማለት ነው።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ከታላላቅ የእሳት ቃጠሎዎች በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2019)፥ ለዚህ ቋሚ ደንብ ወጣ። አገረ ገዢው የአደጋ ጊዜ ሲያውጅ ኩባንያዎቹ የተፈናቃዩን ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር ለማዛወርና በአዲሱ መኖሪያው መስመር ለማስገባት የሚጠየቀውን ክፍያ ይተዋሉ፤ የተንቀሳቃሽ ቴሌፎን ኩባንያዎችም በመኪና የሚጓዝ አንቴና፥ ባትሪ መሙያና የሚያውሱት ቴሌፎን ያቀርባሉ።

ይህን እንዳለ መቅዳት ግን አይበቃም። በእኛ አገር አብዛኛው ሰው ያለው የቤት መስመር ሳይሆን አስቀድሞ የሚከፈልበት ተንቀሳቃሽ ቴሌፎን ነው። ስለዚህ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው የሚጠቅመው ጥበቃ ሌላ ነው። አደጋ በታወጀበት ወረዳ ያለ ቁጥር እስከ ተወሰነ ጊዜ እንዳይዘጋና ለሌላ እንዳይሰጥ፤ ምትክ ሲም በነፃ፥ በመጠለያው ድረስ እንዲሰጥ፤ መታወቂያው በጎርፍ ለተወሰደበትም የፋይዳ አሻራው ማስረጃ እንዲሆነው፤ «ደኅና ነኝ» የሚልበት ጥቂት የነፃ ጥሪ እንዲኖረው ነው።

ወጪው ይከብዳል የሚል ይኖራል። ማማ መትከል በእርግጥ ይከብዳል፤ ቁጥርን ሳይዘጉ ማቆየት ግን በመዝገብ ላይ አንድ ምልክት ማድረግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሥራው ባለቤት ነው፤ ይህን የመሰለውን ደንብ መጠየቅም የእኛ ፈንታ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ከመካከላችን ከምሥራቅ ጎጃም የመጣ ሁሉ በክረምት ሌሊት የእናቱን ጥሪ የሚጠብቅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ደንቡ ከናዳው በፊት ይጻፍ።